የሙያ ፈቃድና የሚዛን አማና፦ በሌላ አገር የተማሩ የጥርስ ሐኪሞች ጉዳይ

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምናየው ጉዳይ ከጤና ካምፓስ ወንድሞችና እህቶች ተደጋግሞ የቀረበልን ጥያቄ ነው። ጥያቄው «እዚህ አገር በጥርስ ሕክምና የተመረቀ ሰው በዲቪ፣ በጋብቻ ወይም በሌላ መንገድ አሜሪካ ቢገባ በሙያው መሥራት ይችላል ወይ?» የሚል ነው።

አጭሩ መልስ «ወዲያው አይችልም» ነው። ለምን እንደማይችል፣ የትኛው ክልከላ ተገቢ እንደሆነ፣ የትኛውስ ሚዛን እንደጎደለው ማወቅ ግን ከአጭሩ መልስ የበለጠ ይጠቅመናል። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ነን፤ ጥርስ ነቅለን አናውቅም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የአንድ ሙያ ብቻ አይደለም። የሰው ችሎታ በምን ይለካል? ሚዛኑን የያዘውስ ምን አማና አለበት? ይህ ነገ የትኛውንም ተመራቂ የሚያገኘው ጥያቄ ነው።

1. ፈቃድ ለምን አስፈለገ?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ሐኪም ፈቃድ መጠየቁ በደል አይደለም። በዲናችንም መሠረት አለው። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢይና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሕክምና ዕውቀት ሳይታወቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ዷሚን፣ ማለትም ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። ኢብኑል ቀይም በ«ዛዱል መዓድ» ኪታባቸው ይህን ሐዲስ በሰፊው አብራርተዋል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሙያውን የሚያውቅ፣ በሽተኛው የፈቀደለትና ወሰኑን ያላለፈ ሐኪም ባልታሰበ ነገር አይጠየቅም። ሳያውቅ የገባበት ግን «ኒያዬ ጥሩ ነበር» ቢልም ከካሳ አያመልጥም።

ጥርስ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቀላል ነገር አይደለም። የታችኛውን መንጋጋ ለማደንዘዝ የሚወጋ መርፌ የሚያርፈው ነርቭና የደም ሥር አጠገብ ነው። መሣሪያው በደንብ ካልተቀቀለ የጉበት ቫይረስ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። የጥርስ መግል ችላ ከተባለ ወደ አንገት ወርዶ አየር እስከመዝጋት ይደርሳል። ስለዚህ በር ላይ ቆሞ «ማን ነህ? ምን ታውቃለህ?» የሚል ሰው መኖሩ ለበሽተኛው ራሕመት ነው።

በእስልምና ታሪክም ይህ በር ነበር። በሒጅራ 319 (እ.ኤ.አ. 931) በበግዳድ አንድ ሐኪም ተሳስቶ በሽተኛ ሞተበት። ወሬው ለኸሊፋው ለሙቅተዲር ሲደርሰው፣ ሲናን ኢብኑ ሳቢት ያልፈተነው ሰው ሕክምና እንዳይሠራ አዘዘ። የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ እንደዘገበው፣ በሙያቸው የታወቁትና በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉት ሳይቆጠሩ ከ860 በላይ ሰዎች ለፈተና ቀረቡ።

ከተፈታኞቹ አንዱ ደህና የለበሱ፣ ግርማ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሲናን አክብሮ አስቀመጣቸውና ከማን እንደተማሩ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ወርቅ አውጥተው ፊቱ አኖሩ፤ ማንበብና መጻፍ በቅጡ እንደማይችሉ፣ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት ግን በዚሁ ሥራ መሆኑን ነግረው መተዳደሪያቸውን እንዳይቆርጥባቸው ለመኑት። ሲናን ሳቀ። ከዚያም በሸርጥ ፈቀደላቸው፦ የማያውቁትን በሽታ እንዳይነኩ፣ ቀላል ሕመም ካልሆነ በቀር ደም እንዳያወጡና የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳያዙ። በማግስቱ አንድ ወጣት መጣ። ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ ከአባቱ አለ። አባቱም የትናንቱ ሽማግሌ ሆነው ተገኙ። ሲናን ወጣቱ በአባቱ መንገድ የሚሄድ መሆኑን ጠይቆ፣ ከዚያ እንዳያልፍ አስጠንቅቆ አሰናበተው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያልተማረ ሰው ሐኪም ይሁን ለማለት አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባው የፈተናው ውጤት «አልፏል» እና «ወድቋል» ብቻ አለመሆኑን ነው። ሦስተኛ መልስ ነበር፤ «እስከዚህ ድረስ ተፈቅዶልሃል» የሚል። ይህን ሦስተኛ መልስ ያዙት፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

2. የአሜሪካው በር እንዴት ተሠራ?

በአሜሪካ የጥርስ ሐኪም ፈቃድ የሚሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የጥርስ ሕክምና ቦርድና የራሱ ሕግ አለው። በዝርዝሩ ቢለያዩም በአብዛኞቹ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ዕውቅና ካለው የጥርስ ትምህርት ቤት መመረቅ፣ ብሔራዊውን የጽሑፍ ፈተና ማለፍ፣ የእጅ ሥራ ወይም የክሊኒክ ፈተና ማለፍ።

ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ዕውቅናውን የሚሰጠው በምሕፃረ ቃል ኮዳ የሚባለው የጥርስ ትምህርት ዕውቅና ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በዋናነት የሚመዝነው የአሜሪካን ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ ከካናዳ አቻው ጋር አንዱ የሌላውን ይቀበላል። ስለዚህ ከቶሮንቶ የተመረቀ ሰው የአሜሪካን በር በቀላሉ ያልፋል። ከጅማ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከካይሮ ወይም ከዴልሂ የተመረቀ ግን በዲግሪው ብቻ አያልፍም። ትምህርት ቤቱ ተመዝኖ ወድቆ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ሚዛን ላይ አልወጣም።

ሁለተኛው የጽሑፍ ፈተናው ነው። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የተቀናጀ ብሔራዊ የጥርስ ቦርድ ፈተና 500 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ሁለት ቀን ይወስዳል። በሌላ አገር የተመረቀ ሰው የትምህርት ማስረጃው ተረጋግጦለት ይህን ፈተና መውሰድ ይችላል። ፈተናው ያው ነው፤ የማለፊያው ነጥብም ያው ነው። ይሁንና በአብዛኞቹ ስቴቶች ፈተናውን ማለፉ ብቻ ፈቃድ አያስገኝለትም። ከአሜሪካዊው ተመራቂ ጎን ቁጭ ብሎ ተፈትኖ አልፎም በሩ ላይ ይቀራል። አሜሪካዊው ወደ ክሊኒክ ሲገባ እርሱ ወደ ማመልከቻ ይመለሳል።

ማመልከቻው ለ«አድቫንስድ ስታንዲንግ» ፕሮግራም ነው። ይህ በሌላ አገር የተመረቀ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ የጥርስ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ እንደየትምህርት ቤቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ተምሮ የአሜሪካ ዲግሪ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ለመግባት የብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ቶፍል፣ በኮርስ በኮርስ የተገመገመ ትራንስክሪፕት፣ የምስክርነት ደብዳቤዎችና ቃለ መጠይቅ ይጠየቃሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራም ይፈትናሉ፤ አመልካቹ በሰዓት ተወስኖ የፕላስቲክ ጥርስ እየቦረቦረ ለሙሌት ወይም ለሽፋን ያዘጋጃል። ወንበሩ ጥቂት ነው፤ አመልካቹ ብዙ ነው። ክፍያው በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በጠቅላላው ከ100,000 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ከዚህ እጅግ የሚበልጥም አለ።

እዚህ ላይ ሙስሊም ተማሪ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ይጨመራል። ይህን ያህል ገንዘብ በጥሬው ያለው ስደተኛ የለም ማለት ይቻላል። መንገዱ ብድር ነው፤ ብድሩም በወለድ ነው። የግል ባንኮች ደግሞ ብዙ ጊዜ አሜሪካዊ ዋስ ይጠይቃሉ። የወለዱን ነገር በዚህ ጽሑፍ አንፈታውም፤ ቦታው ዑለማዎች ዘንድ ነው። ሆኖም ጥያቄው ከመሄድ በፊት እንጂ ፊርማ ላይ ተደርሶ የሚጠየቅ እንዳልሆነ እናሳስባለን።

ከጀመዓችን ወጥታ አሜሪካ የምትኖር አንዲት እህት የጻፈችልን ይህን ይመስላል። እዚህ አገር የጥርስ ሐኪም ሆና ሠርታለች። እዚያ አሁን ረዳት ናት። መምጠጫውን ትይዛለች፣ መሣሪያ ታቀብላለች፣ ወንበሩን ታጸዳለች። ሐላል ሥራ ነው፤ አታፍርበትም። የሚከብዳት ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ ሲያይ እርሷም ማየቷ ነው። ቀዳዳውን ታየዋለች፤ መናገር ግን ሥራዋ አይደለም። አማርኛ ወይም አረብኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ሲመጡ ታስተረጉማለች። እናትየው «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲሏት «ሐኪሙን ይጠይቋቸው» ትላለች። ጉዳዩን የበለጠ ያዘገየባት ደግሞ የአሜሪካ ቦርድ ሳይሆን ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ታሽጎ መላክ የነበረበት ትራንስክሪፕት ነበር። ደረሰኙ ሳይገኝ፣ ፈራሚው ሳይመጣ አንድ የማመልከቻ ዓመት አለፈባት።

ለየት ያሉ መንገዶችም አሉ። በፍሎሪዳ በሌላ አገር የተመረቀ የጥርስ ሐኪም የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ ለመሆን መፈተን ይችላል። አንዳንድ ስቴቶች ዕውቅና ያለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና ያጠናቀቀን ሰው ያለ ተጨማሪ ዲግሪ ይቀበላሉ። ለእኛ ትምህርት የሚበልጠው ግን የሚኒሶታ ሕግ ነው።

ሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች የሚኖሩባት ስቴት ናት። በሕጓ መሠረት ኮዳ ካላወቀው ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ለቦርዱ ማመልከት ይችላል። የክሊኒኩን ፈተና ካለፈና ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ የተወሰነ ፈቃድ ይሰጠዋል። ከዚያ ቦርዱ ባጸደቀው የሚኒሶታ የጥርስ ሐኪም ክትትል ሥር፣ በጽሑፍ ውል፣ ሦስት ተከታታይ ዓመት ይሠራል። ይህን ሲጨርስ ገደቡ እንዲነሣለት ይጠይቃል። የሲናንን ሦስተኛ መልስ አስታወሳችሁ? «እስከዚህ ድረስ ተፈቅዶልሃል» የሚለው መልስ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ስቴት ሕግ ውስጥ ይገኛል።

3. ሌሎች በሮች ባጭሩ

ካናዳ ሁለት መንገድ ሰጥታለች። አንደኛው እንደ አሜሪካ ትምህርት ቤት ገብቶ መጨረስ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ሳይገቡ በፈተና አቻነትን ማሳየት ነው። መጀመሪያ የመሠረታዊ ዕውቀት ፈተና አለ፤ ከዚያ የክሊኒክ ፈተናዎች ይከተላሉ። ፈተናዎቹ ከባድና ውድ ናቸው፤ የሚወድቀውም ብዙ ነው። ያም ሆኖ ችሎታውን ያስመሰከረ ሰው ዲግሪውን ከየትም ያምጣ በር አለው።

በብሪታንያ በሌላ አገር የተመረቁት የሚወስዱት ፈተና ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በጽሑፍ ነው። ሁለተኛው በአሻንጉሊት አፍ ላይ የሚሠራ የእጅ ሥራን፣ በሽተኛ የማነጋገር ችሎታን፣ የሕክምና ዕቅድንና ድንገተኛ አደጋን ይመለከታል። ከዚያ በፊት 1,600 ሰዓት በሽተኛ ያከሙበት ልምድ ይጠየቃል። በኮሮና ጊዜ ፈተናው ተቋርጦ ሰልፉ ለዓመታት ተንዘላዘለ። በዚያው ዘመን የአገሪቱ ሰዎች የመንግሥት ጥርስ ሐኪም አጥተው ይጮኹ ነበር። ከአውሮፓ አገሮች ዲግሪ የያዘ ሰው ግን ያለዚህ ፈተና ይመዘገብ ነበር። መንግሥት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ጊዜያዊ ምዝገባ የተባለ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይት አቅርቧል፤ በውጭ የተማረው በነባር ሐኪም ክትትል እየሠራ እንዲቆይ የሚል ነው። ይህም ያው ሦስተኛው መልስ ነው።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች በር ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ ዲግሪን ዳግም መማር አይጠየቅም። የሚጠየቀው ማስረጃው ከምንጩ እንዲረጋገጥ ነው፤ ዳታፍሎው የተባለው ድርጅት ለዩኒቨርሲቲውና ለቀድሞው ቀጣሪ በቀጥታ ጽፎ ይጠይቃል። ከዚያ በኮምፒውተር የሚሰጥ የፕሮሜትሪክ ፈተና አለ፤ ብዙ ጊዜም የሥራ ልምድ ይጠየቃል። በአንጻሩ ሳዑዲ ዓረቢያ የግል ክሊኒኮች የዜጎቿን የጥርስ ሐኪሞች በየጊዜው ከፍ በሚል ድርሻ እንዲቀጥሩ እያስገደደች ነው። ስለዚህ በሩ ዛሬ ሰፊ ቢመስልም ነገ መጥበቡን አስቡ።

አገራችንም በር አላት። የጤና ሚኒስቴር ለጤና ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ መመዘኛ ፈተና ይሰጣል። በውጭ የተማረ ሰው ሲመለስም ዲግሪው አቻ ግምት ይሠራለታል። ስለ ሌሎች በር ስንናገር የራሳችንንም በዚያው ዓይን እንይ።

4. ሚዛኑ የጎደለው የት ላይ ነው?

ከላይ ያየናቸውን መሰናክሎች በሦስት ብንከፍላቸው ነገሩ ይጠራል።

አንደኛ፣ ችሎታን የሚለኩ አሉ። የጽሑፍ ፈተና፣ የእጅ ሥራ ፈተና፣ በክትትል መሥራትና ከበሽተኛ ጋር በቋንቋ መግባባት እዚህ ይገባሉ። እነዚህ የበሽተኛው ሐቅ ናቸው፤ ይቅለሉ ማለት አንችልም።

ሁለተኛ፣ ቦታን የሚለኩ አሉ። «የት ተማርክ?» ብለው ይጀምራሉ፤ እዚያው ላይም ያቆማሉ።

ሦስተኛ፣ ኪስንና ትዕግሥትን የሚለኩ አሉ። ከ100,000 ዶላር በላይ ክፍያ፣ ፈተና እስኪከፈት የሚጠበቅ ዓመት፣ የማይመጣ ደብዳቤ። እነዚህ ስለ ሐኪሙ እጅ የሚነግሩን ነገር የለም። ማለፉ የሚያሳየው ገንዘብና ጊዜ እንደነበረው ነው።

በምህንድስና ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ብሎን ሲመረመር መለኪያ ላይ ይደረጋል። ልኩ ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ ከሆነ ያልፋል፤ ካልሆነ ይጣላል። የፋብሪካው ስም ጥርጣሬ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል፤ መለኪያውን ግን አይተካም። በሙያችን በአገሮች መካከል ስምምነትም አለ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ስድስት እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የዋሽንግተን ስምምነት የሚባለውን ፈርመው አንዱ የሌላውን የምህንድስና ትምህርት ዕውቅና ለመቀበል ተስማሙ፤ በኋላም ሌሎች አገሮች ገቡበት። አገራችን ከፈራሚዎቹ ስላልሆነች እኛም ከጥርስ ሐኪሞቹ ወንድሞቻችን የተለየ ዕጣ የለንም። ስምምነቱ ግን መንገዱ እንደሚቻል ያሳያል።

በመድረሳ ያለፍን ሰዎች ይህን ከሌላም ወገን እናውቀዋለን። ደረሳ ከአንዱ ሸይኽ ወደ ሌላው ሲሄድ አዲሱ ሸይኽ በዝና ብቻ አይቀበለውም፤ አስቀርቶ ይሰማዋል። ከደረሰበት ያስቀጥለዋል፤ የጎደለውን ያሟላለታል። ኪታብ የጨረሰን ሰው «የእኔ ዛዊያ ስላልተማርክ ከአሊፍ ጀምር» የሚል ሸይኽ ቢኖር ሰዉ ሁሉ ይገረም ነበር።

ለሌላው ወገንም ፍትሐዊ እንሁን። የቦርዶቹ መልስ ባዶ አይደለም። አንድ ቀን የሚሰጥ ፈተና ዓመታት ሙሉ በመምህር ዓይን ሥር ከመሥራት ጋር እኩል አይደለም። የፕላስቲክ ጥርስ አይደማም፤ አይፈራም፤ ምራቅም የለውም። በዓለም ላይ ያሉትን የጥርስ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሄዶ መመርመር ለአንድ ቦርድ ከባድ ነው። የሐሰት ዲግሪ መኖሩንም ሁላችንም እናውቃለን፤ በአገራችንም ስንቱ ሲያዝ ሰምተናል። አንድ ቦርድ ተሳስቶ ለማይገባው ሰው ፈቃድ ቢሰጥ ዋጋውን የሚከፍለው ወንበሩ ላይ የተኛው በሽተኛ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ መደምደሚያው «ስለዚህ ሁሉም እንደገና ይማር» አይሆንም። ፈተና ብቻውን ካልበቃ ከፈተናው ቀጥሎ በክትትል ማሠራት ይቻላል። ሚኒሶታ ያደረገችው ይህን ነው። እንዲህ ሲሆን በሽተኛው ይጠበቃል፤ ሐኪሙም እጁ አይደርቅም። የተወሰነ ፈቃድ ሰጥቶ መከታተል ለቦርዱ ሥራ ያበዛል፤ በሩን ከመዝጋት ግን ለፍትሕ የቀረበ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙጠፊፊን የዛተባቸው ለራሳቸው ሲሰፈር ሞልተው የሚቀበሉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ናቸው። ይህ ለእህል ነጋዴ ብቻ የወረደ የሚመስለው ካለ ያስብበት። ሰውን የሚመዝንም ሚዛን ይዟል።

ጉዳቱም የስደተኛው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ መንግሥት ቆጠራ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖረው የጥርስ ሐኪም እጥረት አለባቸው በተባሉ አካባቢዎች ነው። በአገራችን ደግሞ ከዋና ከተሞች ወጣ ሲሉ ጥርሱን የታመመ ገበሬ ወይም አርብቶ አደር ሐኪም ፍለጋ ብዙ ወረዳ ያቋርጣል፤ ካልሆነም በጉጠት ያስነቅላል። ሕዝቡ ባስተማራት ሐኪም ገበሬው አልታከመ፤ በሄደችበት አገርም ያው እጅ መምጠጫ ይዞ ቆሟል። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይህ ነው። ሕክምና ፈርዱ ኪፋያ መሆኑን ተምረናል፤ የሚበቃ ሰው ካልተገኘ ሁሉም ይጠየቃል። ስለዚህ መሄድ የሚያስብ ወንድም ወይም እህት «እዚያ እጄ ይሠራል ወይስ ይታሰራል?» የሚለውን ከመሄድ በፊት መመዘን አለበት። እንመርምረው እንጂ ማንንም አንኮንንም፤ የቤተሰብ ሸክም ምን እንደሆነ እናውቃለን።

5. ተማሪ ሆነን ምን እናዘጋጅ?

የሌላ አገር ሕግ መለወጥ አንችልም። በእጃችን ያለው ግን ጥቂት አይደለም።

ሀ) ስማችሁን አንድ አድርጉ። መሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በዲግሪ ሌላ፣ በስምንተኛ ክፍል ካርድ ሦስተኛ ከሆነ፣ ከምንጭ የሚያረጋግጠው ድርጅት ሦስት ሰው አድርጎ ሊያያችሁ ይችላል። ሳትመረቁ ሬጅስትራር ቀርባችሁ አስተካክሉ።

ለ) ወረቀታችሁን አሁን ሰብስቡ። ትራንስክሪፕት ብቻ አይበቃም። የየኮርሱ ዝርዝር፣ የክሊኒክ ልምምድ መዝገብ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራችሁና ምን ያህል ሙሌት፣ መንቀልና ሩት ካናል እንዳደረጋችሁ በመምህር ፊርማ ያዙ። ከዓመታት በኋላ መምህሩ ሊዛወር፣ መዝገቡም ሊጠፋ ይችላል።

ሐ) የወጪ መጋራትን ነገር አትርሱ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ኮስት ሼሪንጉን ሳያጠናቅቅ ዋናውን ዲግሪ ማግኘት ይቸገራል። ይህ ዕዳ አማና ነው፤ በጊዜው መክፈልም መንገድ ይከፍታል።

መ) ከአገሩ በፊት ስቴቱን እዩ። አሜሪካ ሲገባ ብዙ ሰው ዘመድ ያለበት ከተማ ያርፋል። ለጥርስ ሐኪም ግን የስቴቱ ሕግ የሦስት ዓመት ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ሕግ ስለሚለዋወጥ ከሰው ወሬ ሳይሆን ከቦርዱ ራሱ አረጋግጡ።

ሠ) እጃችሁን አታሥርፉ። የሥራ ዕረፍቱ በረዘመ ቁጥር ማመልከቻው ይዳከማል፤ እጅም ይረሳል። ከመሄድ በፊት አገር ውስጥ፣ በተለይ ሐኪም በሌለበት አካባቢ ሁለት ሦስት ዓመት መሥራት ለሕዝቡም ለራሳችሁም ይጠቅማል።

ረ) በድብቅ አትሥሩ። ይህን አጥብቀን እንናገራለን። በውጭ አገር ያለ ወገን የጥርስ ሕክምና ውድ ስለሚሆንበት «አንተ ሐኪም አይደለህ? ቤት ውስጥ ንቀልልኝ» ማለቱ አይቀርም። ርኅራኄው ይገባናል። ነገር ግን ያለ ራጅ፣ ያለ በቂ ንጽሕና፣ አደጋ ቢመጣ ያለ ረዳት መሥራት ከላይ ያየነውን ዷሚንነት ያስከትላል። የገባንበት አገር ሕግም ቪዛ ስንቀበል የገባነው ዐቅድ ነው። ለወገናችሁ የክፍያ ቅናሽ ያላቸውን የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችና የጥርስ ትምህርት ቤት ክሊኒኮች አሳዩት፤ አስተርጉሙለት፤ አብራችሁት ሂዱ። ይህም ሰደቃ ነው።

ሰ) የሐሰት ወረቀትን በሩቁ ሽሹት። አንድ የሐሰት ምስክር ወረቀት የሚዘጋው የባለቤቱን በር ብቻ አይደለም። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ከኋላው የሚመጡትን ሁሉ ያስጠረጥራል።

6. ለሐለቃ ውይይት

ይህን ትምህርት በየካምፓሱ ሐለቃ ስታነቡ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ብትወያዩባቸው መልካም ነው።

- ቦርድ ያልተፈተነን ሰው ቢፈቅድ፣ ወይም የሚችልን ሰው ቢከለክል፣ በሁለቱም በኩል የማን ሐቅ ይነካል?
- በእናንተ ሙያ ውስጥ ችሎታን የሚለካውና ቦታን ወይም ኪስን የሚለካው መስፈርት የትኛው ነው?
- በውጭ ተምሮ ወደ አገራችን ለሚመለስ ሐኪም እኛ ምን ዓይነት በር እንሥራለት? «እስከዚህ ድረስ» የሚለው መልስ በእኛ ዘንድ ይሠራል?
- በጀመዓችን በኩል ተመራቂዎች ወረቀታቸውን በጊዜ እንዲያሟሉ የሚረዳ ትንሽ ኮሚቴ ማቋቋም ይቻላል ወይ? ውጭ ላለው ሰው ሬጅስትራር የሚመላለስለት አንድ ወንድም ብቻ ቢኖር የአንዲትን እህት ዓመት ያተርፋል።

ከእኛ ውስጥ አንዳንዱ ነገ ለፈተና በር ላይ ይቆማል። አንዳንዱ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ፣ በሚኒስቴር ወይም በሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጦ የሌላውን ወረቀት የሚፈርም ይሆናል። ያን ቀን ሚዛኑ በእጁ መሆኑን ያስታውስ።

አላህ የምንማረውን የሚጠቅም ዒልም ያድርግልን። በእጃችን የሚታከመውን ከጉዳት፣ እኛንም ከዙልም ይጠብቀን። በየአገሩ በር ላይ ለቆሙ ወንድሞችና እህቶቻችን መንገዱን ያግራላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።